ሽንፈቱ ላይኛው ፎቅ አይደርስም

ሜይ 21 ቀን 2025 ማታ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኳሱ ዓለም የሚሄደው በዚያ ስለሆነ።) የማንቸስተር ዩናይትድና የቶተንሃም የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ተጫዋቾቹ ቢልባኦ፣ ሳን ማሜስ ስታዲየም መተላለፊያ ውስጥ ተሰልፈዋል። ታላቅ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጧል። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «ዛሬስ ቢሸነፉ ይሻላል» አለ።

የሰማሁትን አላመንኩም። ይሄ እኮ እኔን የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ያደረገኝ ሰው ነው። በ1999 ካምፕ ኑ ላይ ሼሪንግሃምና ሶልሻየር በባከነ ሰዓት ባየርን ሙኒክን ሲገለብጡት ትከሻው ላይ አውጥቶኝ ጮኋል። በ2008 ሞስኮ ላይ ጆን ቴሪ ተንሸራቶ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲስት ተንበርክኮ አልቅሷል። እሱ ነው እንግዲህ በፍጻሜ ጨዋታ ቡድኑ እንዲሸነፍ የሚመኘው።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ?» አልኩት።

«ካሸነፉ ነገሩ ሁሉ ይሸፋፈናል» አለኝ። «ቻምፒየንስ ሊግ ይገባሉ። ሰዎቹም ሥራችንን ሠርተናል ብለው ይቀመጣሉ። ከተሸነፉ ግን መደበቂያ የላቸውም።»

ተሸነፉ። ብሬናን ጆንሰን በ42ኛው ደቂቃ ባስቆጠራት ጎል ቶተንሃም 1 ለ 0 አሸነፈ።

ከጨዋታው ይልቅ የማስታውሰው ወንድሜን ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሆይሉንድ በግንባሩ የገጫት ኳስ ወደ ባዶ ጎል ስትሄድ፣ የቶተንሃሙ ቫን ደ ቨን አየር ላይ ተንሳፍፎ በእግሩ አወጣት። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ የያዘው ማን ነበር? እሱው። ሽንፈት የተመኘው ሰው። ፊሽካው ሲነፋም «ይሄውልህ፣ እንዳልኩት» አላለም። ዝም ብሎ ተቀመጠ። የተመኘው ደርሶለት ፊቱ ግን የባሰ ጠቆረ።

ያ ፊት ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የወደደውን ቡድን «ይሸነፍልኝ» እስኪል ያደረሰው ምንድን ነው? ደግሞስ ልክ ነበር? ሽንፈት በእርግጥ ያጋልጣል?

ዋንጫው የሸፈነው

ወንድሜ ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ማስረጃው አንድ ዓመት ብቻ ወደኋላ ነው።

በ2023/24 ዩናይትድ ሊጉን 8ኛ ሆኖ ጨረሰ። በፕሪሚየር ሊግ ዘመን እስከዚያ ድረስ የታየ ዝቅተኛው ደረጃው ነበር። ያገባው ጎል ከተቆጠረበት ያንስ ነበር። ክለቡ ሌላ አሰልጣኝ እያነጋገረ እንደሆነ ይዘገብ ነበር። ከዚያ ሜይ 25 መጣ። ዌምብሌይ ላይ ጋርናቾና ሜይኑ አገቡ፣ ማንቸስተር ሲቲ 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ ወደ ቤት መጣ። ያን ቀን እኔም ጨፍሬአለሁ። ማን የማይጨፍር አለ?

በጁላይ የአሰልጣኙ የቴን ሃግ ውል እስከ 2026 ተራዘመ። በክረምቱ ዝውውር እሱ በሚያውቃቸውና በፈለጋቸው ተጫዋቾች ላይ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። ኦክቶበር 28 ላይ ቡድኑ 14ኛ ደረጃ ላይ እያለ ተሰናበተ። በዲሴምበር ደግሞ ብዙ ተለፍቶ የመጣው ስፖርቲንግ ዳይሬክተር ዳን አሽዎርዝ አምስት ወር ሠርቶ ወጣ። የእነዚህ ስንብቶች ወጪ በክለቡ የሒሳብ ሪፖርት ላይ 14.5 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሆኖ ታየ። አንድ ዋንጫ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከዚያ ይሄ ሁሉ። ወንድሜ «ይሸፋፈናል» ሲል ይሄን ነው የሚያስበው።

እዚህ ላይ ቶተንሃምን ማንሳት አለብኝ። ያን ማታ ዋንጫውን ያነሳው አሰልጣኛቸው ፖስቴኮግሉ ከ16 ቀን በኋላ ተባረረ። ቶተንሃም ሊጉን 17ኛ ሆኖ ነበር የጨረሰው። 17 ዓመት የተጠበቀ ዋንጫ ያመጣ ሰው ነው፤ ለሰውየው አዝኛለሁ። ቢያንስ ግን የቶተንሃም ሰዎች ዋንጫውን አይተው የደረጃ ሰንጠረዡን አልረሱትም። እኛ ጋ ግን ይህ ይሆናል ብሎ ማመን ያቅተኛል።

ሽንፈት ወደ ታች ነው የሚወርደው

እንግዲህ ወንድሜ ግማሹን ልክ ነው። ዋንጫ ይሸፍናል። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው የማልስማማው፣ «ከተሸነፉ መደበቂያ የላቸውም» ያለው ላይ።

ከቢልባኦ በኋላ ማን ከፈለ? ያን ዓመት ዩናይትድ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ በ42 ነጥብ፣ በ18 ሽንፈት። ከሊጉ ከወረደበት ከ1973/74 ወዲህ እንዲህ ታች አልታየም። አውሮፓ ውድድር የለም። ይሄ ሁሉ ሆኖ ከላይ አንድም ሰው አልወረደም።

የከፈሉት ሌሎች ናቸው። በ2024 የክለቡን ድርሻ የገዛው ባለሀብት ሰር ጂም ራትክሊፍ የእግር ኳሱን ሥራ ከተረከበ በኋላ 250 ያህል ሠራተኞች ተቀነሱ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ እስከ 200 የሚደርሱ ሌሎች እንደሚቀነሱ ተነገረ። በክለቡ ስታዲየም ኦልድ ትራፎርድ ውስጥ ለሠራተኛው ይቀርብ የነበረው ነጻ ምሳ ቀረ። የተቀነሱት ትኬት ማዘጋጃ፣ ሙዚየም፣ ቢሮ ውስጥ ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ለተጫዋች 80 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፈል አልፈረሙም። ለፍጻሜው ጨዋታ እንኳ አሰልጣኙ አሞሪም ለ30 የቡድኑ ባልደረቦች፣ ቤተሰቦቻቸው እንዲገኙ ከኪሱ እንደከፈለ ተዘግቦ ነበር። ይሄን ያህል ትልቅ ክለብ ውስጥ!

ደጋፊውም ከፍሏል። በ2024/25 የውድድር ዓመት መሃል ላይ፣ ለቀሩት የሜዳቸው ጨዋታዎች የአባላት ትኬት 66 ፓውንድ ሆነ። ለልጅም ለጡረተኛም ቅናሽ የለም። ልጁን ይዞ የሚመጣ አባት ሁለት ሙሉ ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው፤ የሚያየው ደግሞ 15ኛ የሚሆን ቡድን ነው።

ስለዚህ «ቢሸነፉ ይሻላል» የሚለውን ምኞት ስመረምረው ቅጣቱ የሚያርፈው ሌላ ሰው ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሽንፈት ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ሜዳ ላይ ያሉትን ልጆች ይመታል፣ ቢሮ ያሉትን ምስኪኖች ይመታል፣ እኛን ይመታል። ላይኛው ፎቅ ግን አይደርስም። አሰልጣኝ ብቻ ይለወጣል፤ አሞሪም ራሱ በጃንዋሪ 2026 ተሰናበተ። ከታላቁ አሰልጣኝ ከፈርጉሰን በኋላ በቋሚነት ከተቀጠሩት ስድስተኛው መሆኑ ነው። ሞየስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ፣ አሞሪም። በአጨዋወት እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሰዎች ናቸው። ስድስቱም ያልቻሉት በስድስቱም ድክመት ነው ብሎ ማመን ለእኔ ይከብዳል።

ክለቡ በራሱ ገንዘብ ተገዛ

የ2005ቱን ታሪክ ሁሉም ደጋፊ ያውቀዋል፤ አልደግመውም። ከሱ ውስጥ አንድ ነጥብ ብቻ ላውጣ።

አሜሪካዊው የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን ሲገዛ ዋጋው 790 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። አብዛኛው በብድር የመጣ ነው፣ ከብድሩም ብዙው ክለቡ ራሱ ላይ ተጫነ። ከዚያ በፊት ዩናይትድ ዕዳ አልነበረበትም። ሰው ቤት ሊገዛ ተበድሮ ብድሩን እዚያው ቤት ውስጥ የሚኖሩት ተከራዮች እንዲከፍሉለት እንደማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ ለወለድ፣ ለባለድርሻዎች የትርፍ ክፍያና ለመሳሰለው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ከክለቡ እንደወጣ የእንግሊዝ ጋዜጦች ደጋግመው ጽፈዋል። በ2012 አክሲዮኑ ኒውዮርክ ገበያ ላይ ሲቀርብም ከሽያጩ ግማሽ ያህሉ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። ለሕዝብ የተሸጠው አክሲዮን አንድ ድምፅ ሲኖረው የቤተሰቡ አክሲዮን አሥር ድምፅ አለው።

ፈርጉሰን እስካለ ይሄ ሁሉ አልታየንም። ያ ሰውዬ ከ2005 በኋላ እንኳ አምስት የሊግ ዋንጫና አንድ ቻምፒየንስ ሊግ አመጣ። ወንድሜ «ይሸፋፈናል» የሚለው ነገር ትልቁ ምሳሌ እሱ ነው፤ በክፋት ሳይሆን በችሎታው ብዛት ሸፈነው። በ2013 እሱ ሲሄድ ሥራ አስኪያጁ ዴቪድ ጊልም አብሮ ሄደ። በቦታው የመጣው ኤድ ዉድዋርድ የባንክ ሰው ነው፤ የ2005ቱ ግዢ ላይ ግሌዘሮችን ያማከረ። ይሄው ሰው በ2018 ባለሀብቶችን ሲያነጋግር፣ የሜዳ ላይ ውጤት በንግዱ ሥራ ላይ ይሄ ነው የሚባል ተጽዕኖ የለውም የሚል ነገር ተናግሯል።

ይሄን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ሳነብ ተናድጄ አለፍኩት። ከቢልባኦ በኋላ ግን ተመለስኩበት። ሰውየው እውነቱን ነው የተናገረው። ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ማሊያው ይሸጣል፣ ስፖንሰሩ ይፈርማል፣ ስታዲየሙ ይሞላል። በ2005 ሙሉው ክለብ 790 ሚሊዮን ነበር። በ2024 ራትክሊፍ ከሩብ ትንሽ ለሚበልጥ ድርሻ ብቻ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ከፈለ። በመሃል የነበሩት ዓመታት የውድቀት ዓመታት ናቸው። ለእኛ ማለቴ ነው። ለባለቤቶቹ ግን ከዚህ የተሻለ ዘመን አልነበረም።

ያ ሁሉ ገንዘብ በገባበት ክለብ ሜይ 2024 ላይ ከአርሰናል ጨዋታ በኋላ ዶፍ ሲጥል የኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ እንደ ፏፏቴ ውሃ ሲያወርድ ዓለም አየ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። የእኛም ነገር ይሄው ነው።

መሄድ የማይችል ሰው

እዚህ ላይ ነው የሚያመኝ ነገር። ይሄ ሁሉ የሚሠራው እኛ ስለማንሄድ ነው።

ተራ ደንበኛ ሸቀጥ ሲበላሽበት ሌላ ቦታ ይሄዳል። ደጋፊ ግን የት ይሄዳል? ወንድሜ ነገ ተነስቶ ሲቲን ይደግፍ? አይሆንም። አንዳንድ የማንቸስተር ልጆች በ2005 ተቆጥተው የራሳቸውን ክለብ መሥርተዋል፤ ኤፍ ሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር ይባላል፣ ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፣ እስካሁንም አለ። ክብር ይገባቸዋል። ብዙዎቻችን ግን ያንን አንችልም። ፍቅራችን አይነቀልም። ግዢው የተሰላውም በዚያ ላይ ይመስለኛል። ባንክ ያበደረው ግንቡንና ሣሩን አይቶ ብቻ አይደለም፤ እኛ በሚቀጥለውም ዓመት እንደምንመጣ አይቶ ነው። የእኛ ታማኝነት ነው መያዣ ሆኖ የቀረበው። ፈቃዳችንን ግን ማንም አልጠየቀንም።

«ክለቤ» እንላለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ደግሞ ታማኝነታችን ሞኝነት ነው አልልም። ከቢልባኦ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 17፣ ሊዮንን ኦልድ ትራፎርድ ላይ ያየ ሰው ይሄን አይልም። በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 እየተመሩ ነበር። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር። ብሩኖ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። 120ኛው ደቂቃ ላይ ሜይኑ። ከዚያ ማጓየር በግንባሩ! 5 ለ 4። ሜይኑ ከልጅነቱ ክለቡ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ማጓየርም ለዓመታት ያልተሰደበው ስድብ አልነበረም። ወንድሜ ያን ማታ ደውሎ ለብዙ ደቂቃ ቃል አልወጣውም፤ ብቻ ይስቃል። ያ ደስታ እውነተኛ ነው። ማንም ባለሀብት አልፈጠረውም። ወንድሜ በፍጻሜው «ይሸነፉ» ሲል የቆረጠው ከዚህ ደስታ ላይ ነው። ባለቤቶቹን ለመቅጣት የራሱን ሥጋ ቆረጠ። ለዚህ ነው ፊቱ የጠቆረው።

ባርሴሎና ውስጥ በር ነበረ

ታዲያ ምንድን ነው የሚሻለው? ብዙ ሰው ጀርመንን ይጠቅሳል። እዚያ ባብዛኛው ክለብ አባላቱ ቢያንስ 50 ከመቶ ሲደመር አንድ ድምፅ መያዝ አለባቸው። ደስ የሚል ሕግ ነው። መድኃኒት ነው ማለት ግን ይከብደኛል። ሻልከ የአባላት ክለብ ነው፤ በ2021 በዕዳ ተዘፍቆ ወረደ። ሐምቡርግ በ2018 ወርዶ እስኪመለስ ሰባት ዓመት ፈጀበት። አባላትም ክለብ ማበላሸት ይችላሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያስተምረኝ ባርሴሎና ነው። የባርሳ ባለቤቶች አባላቱ ናቸው። ያም ሆኖ በፕሬዚዳንቱ በባርቶሜው ጊዜ ዕዳው ከ1 ቢሊዮን ዩሮ አለፈ። ኦገስት 2020 ላይ ባየርን 8 ለ 2 አዋረዳቸው። ከእኛ የባሰ ነው። ግን ቀጥሎ የሆነውን እዩ። አባላቱ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከ20 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። የመተማመኛ ድምፅ ሊጠራ ሲል፣ ኦክቶበር 27 ላይ ባርቶሜው ሥራውን ለቀቀ። ሽንፈቱ ላይኛው ፎቅ ደረሰ። በር ስለነበረ ነው የደረሰው።

ኦልድ ትራፎርድ ውስጥ ያ በር የለም። ደጋፊው ግን በር ሳይኖር ሁለት ጊዜ ግድግዳ አፍርሷል። በ1998 የሩፐርት መርዶክ የቴሌቪዥን ኩባንያ ቢስካይቢ ክለቡን በ623 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛ ሲል ደጋፊዎች ተደራጅተው ተከራከሩ፣ በኤፕሪል 1999 መንግሥት ግዢውን አገደ። የሊጉ፣ የኤፍኤ ካፑና የቻምፒየንስ ሊጉ ሦስት ዋንጫዎች የመጡት በዚያው ዓመት ነው፤ በዋንጫው ድምቀት ይህኛው ድል ተረሳ። በኤፕሪል 2021 ደግሞ ታላላቅ ክለቦች ለብቻቸው ሊያቋቁሙት ያሰቡት የሱፐር ሊግ ሐሳብ እሁድ ታውጆ ማክሰኞ ማታ የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ። በሜይ 2 ደጋፊዎች ሜዳ ገብተው የሊቨርፑል ጨዋታ ተራዘመ።

ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ውጤት አይደለም። በ1999 ቡድኑ በዓለም ላይ ምርጡ ነበር፤ በ2021 ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል። ያሸነፈው ደጋፊው ጥያቄውን ወደ ውሉና ወደ ሕጉ መውሰዱ ነው። ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። ብዙ አልተከራከረኝም። «እኔ የማውቀው ኳስ ማየት ነው፣ ሕግ አላውቅም» አለኝ። ገባኝ። እኛን ከሩቅ ሆነን የምንደግፈውንማ ማን ይጠይቀናል? ግን የሚሸጡት የእኛን ቁጥር ጭምር ነው። ለስፖንሰር «በመላው ዓለም ይሄን ያህል ደጋፊ አለን» ሲሉ ወንድሜም እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል።

የሚመጣው ዕዳ

በጁላይ 2025 የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ነጻ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቁሟል። ባለቤቶችን ይመረምራል፣ ክለቦች ደጋፊን እንዲያማክሩ ያስገድዳል፣ የክለብን ዓርማና ቀለም ይጠብቃል። በ2005 የተጫነውን ዕዳ ግን ወደኋላ ሄዶ አያነሳም።

ፊታችን ደግሞ አዲስ ነገር ቆሟል። በማርች 2025 ክለቡ 100,000 ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ሊሠራ እንደሆነ አስታወቀ። ወጪው 2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ይሆናል ተብሏል። ሥዕሉ ያምራል። ወንድሜ ራሱ ስልኩ ላይ እያሳነሰና እያሰፋ ሲያየው ነበር። ክረምቱ ላይ ምቡሞ፣ ኩኛና ሴሽኮ ሲገዙም ተስፋው ተመልሶ ነበር፣ ኦገስት 27 ላይ አራተኛ እርከን ላይ ያለው ግሪምስቢ በፍጹም ቅጣት ምት 12 ለ 11 እስኪያሸንፈን ድረስ።

እኔ አሁን ከዝውውር ዜና በፊት የምፈልገው የዚያን ስታዲየም የገንዘብ ወሬ ነው። ማን ያበድራል? መያዣው ምንድን ነው? የዕዳው ሰነድ ላይ የሚጻፈው የባለቤቶቹ ስም ነው ወይስ እንደገና የክለቡ? የማንቸስተር ደጋፊ ማኅበራት ይህን ከአሁኑ፣ ግንባታው ሳይጀመር፣ በጽሑፍ እንዲመለስላቸው መጠየቅ አለባቸው። በ2005 ዕዳው ሲጫን ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም።